የሴቶች ድንጋይ

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጓሮው ውኃ ቋጥሯል። ያሰጣሁት በቆሎ ሻግቷል… በማን ይፈረዳል?

ዋይፋዩ ዛሬም ሄደ። ተከራዮቹ በየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ፣ ቤት እንደተቃጠለበት ሰው። «እትዬ የብርጓል፣ ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት እስቲ!» አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቀዩ መብራት ቀይ እንደሆነ ቀረ። መንገድ እናሰፋለን ብለው ሰፈራችንን ፔዳን ከቆፈሩት ወዲህ ገመዱ ደኅና ሰንብቶ አያውቅም። የሚቆፍረው ሌላ፣ የሚቀጥለው ሌላ። አይተዋወቁም።

ብሩክ ብቻ አልጮኸም። የማዕዘኗ ክፍል ተከራይ ነው፣ የሐዋሳ ልጅ። የሐይቁን አረም፣ እንቦጩን፣ ከሚያጠና ፕሮጀክት ጋር ይሠራል። ጀልባቸው ላይ የሚተክሉት ነጭ ዲሽ አለው፤ ትሪ ይመስላል፣ ገመዱ ከባትሪው አያልፍም። ኢንተርኔቱን ከሳተላይት ነው የሚቀበል። «የቤቱም እንደዚህ ቢሆን እኮ ቆፋሪ አይነካውም» ይለኛል። አላምነውም። ገመድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ይታያል። ከሰማይ ይመጣል የተባለውን ስንቱን ጠብቄ ቀረሁ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ጀልበኛው ገድሉ መጣ። ከደሴቱ በተመለሰ ቁጥር በበሬ ያልፋል፤ የልጄን ወሬ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። «ደኅና ናቸው» ብሎኝ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ዛሬ ሻዩን አልነካም።

«እንዴት ነው?»

«ደኅና… ደኅና ናቸው።»

«ገድሉ፣ ቀና በል።»

«እግራቸውን ታመዋል፣ እማማ። ከግንቦት ጀምሮ ነው። እንዳትነግራት ተብዬ ነው።»

«እግሩን ምን?»

«ጣታቸው ጠቁሯል። ጸበል ያፈሱበታል። ከደሴቱ ግን አልወጣም ብለዋል።»

ስኳር ነው። ሌላ ምን ይሆናል? አባቱንም የገደለው ስኳር ነው፤ እሱንም ከጣቱ ነው የጀመረው።

እነሱ አባ ጥዑመ ልሳን ይሉታል። እኔ ያወጣሁለት ስም ጌትነት ነው። ሲመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት ተደረገለት። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ… በፍትሐት ላይ! የገባበት ገዳም ሴት አይገባበትም። ወደቡ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ የሴቶች ድንጋይ ይሉታል፤ እስከዚያ ነው ለኛ የተፈቀደ። የመጀመሪያውን ዓመት እየተመላለስሁ ተቀመጥሁበት። አንድም ቀን አልወረደም። በመጨረሻ ሰው ላከብኝ፦ «እናታችን አይድከሙ።» እናታችን! እንደ ማንም መንገደኛ። ከዚያ ወዲያ አልሄድሁም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ሰው መለመን አልወድም። ብሩክን ለመንሁት።

እሱ እንደ ቀላል ነገር አየው። ደሴቱ ላይ የስልክ ኔትወርክ አይደርስም፣ ገመድም ሐይቅ አያቋርጥም። ዲሹ ግን ሰማይ ካየ የትም ይሠራል አለ። ወስዶ ይተክለዋል፤ ሐኪም እዚህ እኔ ቤት ሆኖ በዋይፋዩ እግሩን ያያል። አለቃውን ጠይቆ ፈቅደውለታል።

«የሚያውቁት ሐኪም አለ?» አለኝ።

አለ እንጂ። ባንቺአየሁ። ተማሪ ሳለች እዚህ ቤት ነበር የምትኖር፤ ዛሬ ዶክተር ናት። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ። ባሌ መርጌታ መርስዔ ኀዘን የስንቱን ቤት ልጅ ቅኔ አስተምሮ አለፈ። ለተማሪዎቹ ንፍሮ የቀቀልሁ እኔ። ፊደሉን በግድግዳ ማዶ የሰማሁ እኔ። አንድ ቀን «ሀሁን ብቻ አሳየኝ» ብለው «ለማን ልትጽፊ?» አለኝ። ከመቃብር ተነሥቶ ለማን እንደምጽፍ ባየ።

ባንቺአየሁ ስደውልላት አንድም ጥያቄ አልጨመረችም። «መቼ ልምጣ?» ብቻ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

የገብርኤል ዕለት። ኢየሉጣ ሕፃኗን ይዛ እሳት ገባች ሲባል ሰማሁ። እኔን ውኃ ያግደኛል።

ብሩክ ደሴቱ ውሎ በስብሶ መጣ። አልሆነም።

መጀመሪያ አበምኔቱ። አባ ፍሬ ስብሐት ሰምተው ሰምተው፣ «ሴት የማትገባበት ቅጥር ድምጿ ከገባበት ምኑ ቀረ?» አሉት። ከቅጥሩ ውጭ ፈልግ አሉት። ፈለገ። ዲሹ ሰማይ ማየት አለበት፤ ደሴቱ ደግሞ ዛፍ በዛፍ ነው። «አንዲት ቅርንጫፍ ብቆርጥስ?» ቢል ሁሉም አማተቡ። የገዳም ዛፍ እንደማይነካ አያውቅም… የከተማ ልጅ።

ሰማይ የሚታይበት ቦታ አንድ ብቻ ተገኘ። የሴቶች ድንጋይ።

ሳቅሁ። «ምን ያስቅዎታል፣ እትዬ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

እዚያ ተክሎት ትንሽ ዞር ሲል፣ የገዳሙ መጋቢ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዲሹን ወደ ምሥራቅ አዙረውታል። ምሥራቁ ደግሞ ዛፍ ብቻ። «አባ፣ ክፍቱ በሰሜን በኩል ነው» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ወደ ሰማይ መልእክት የሚያደርስ ነገር ፊቱን ወዴት ሊያዞር ኖሯል?» አሉት። እሱ ሲመልሰው፣ እሳቸው ጠብቀው ሲያዞሩት፣ ዝናቡ መጣ።

ከገድሉ ጋር ሲመለሱም ኬላ ላይ አስቆሟቸው። «ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» የፕሮጀክቱ ወረቀት ተገላብጦ ተገላብጦ እስኪነበብ ቆሙ። ቢወስዱበትስ ኖሮ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ገመዱ ዛሬ ሠራ። ተመስገን ልበል?

ብሩክ በማለዳ ወደ ደሴቱ ተሻግሯል፤ ባንቺአየሁም በጊዜ መጣች። ከሳጥኑ አጠገብ ጠረጴዛ ሰጠኋት። አበምኔቱ እንዲህ ወስነዋል፦ ሐኪሟ እግሩን ትየው እንጂ እሱ አያያትም፤ ድምጿንም ብሩክ በጆሮው ሰክቶ ሰምቶ ይንገረው። ፊቱ አይነሣ። ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ።

በስልኳ ላይ መጀመሪያ ሰማይ አየን። ቀጥሎ የብሩክን ጫማ። ቀጥሎ ያን ድንጋይ… ዐወቅሁት። ቀጥሎ እግር።

የኔ ልጅ እግር ነው። ሲወለድ በእግሩ ነው የመጣ፤ ከሰውነቱ ሁሉ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው። «እግረኛ ነው፣ ይሄዳል» ብላ ነበር አዋላጇ። ሄደ።

«ጣቱን ጫን በለው» አለች ባንቺአየሁ። «ያመዋል?»

ጠበቅን።

«አይሰማኝም ብለዋል» አለ ብሩክ።

«አሁንስ? ከፍ ብለህ።»

«አይሰማኝም ብለዋል።»

እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ስታስቀምጥ አየኋት።

ሁለት ጣት አይተርፍም አለችኝ። አሁን ከወጣ ግን እግሩ ይተርፋል። ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል፤ ገዳሙ ሱባኤ ይይዛል፣ ጀልባ አያስጠጋም። «ፍልሰታ እስኪፈታ ከቆየ የምናወራው ስለ እግር አይሆንም፣ እማማ።»

ብሩክ ነገረው። ያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁት። ከሩቅ፣ ለኔ ሳይሆን፦ «ቃል ገብቻለሁ።»

የአባቱ ድምፅ ሆኗል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ቃል ገብቻለሁ ይላል። ለኔስ ማን ገባልኝ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ገድሉን አስጠራሁት። «ሁለት ጎረምሳ ጨምረህ፣ አስረህ አምጣልኝ» አልሁት።

«እማማ! መነኩሴ ሰርቄ ከዚያ በኋላ በዚህ ሐይቅ ላይ ልሠራ?»

«ልጄ ነው።»

«ልጅዎ ናቸው። የሐይቁን ነፋስ ግን እርስዎ አይደሉም የሚያዙት።»

አባረርሁት። ከበሩ ስመለስ ተጸጸትሁ፤ መልሼ አልጠራሁትም። የኔ ነገር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ማባረሬን እንዳልሰማ ሆኖ ተመልሶ መጣ። የአበምኔቱን ቃል ይዟል።

«'ወለተ ሥላሴ ትናገረው' ብለዋል። በክርስትና ስምዎ ነው የጠሩዎት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጌትነት ድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ምስል አይኖርም፣ ድምፅ ብቻ። እኔ ከቤቴ፣ እሱ ከዚያ።

«የሴት ድምፅ አይገባም ያሉ እሳቸው አይደሉም?»

«ድንጋዩ ከቅጥሩ ውጭ ነው አሉ። ደግሞም… ያመነኮሷቸው እሳቸው ናቸው፣ እማማ። እንቅልፍ የላቸውም። ልጃቸውም ነው።»

ልጃቸው። እሺ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

የምለውን አዘጋጀሁ። እንዲህ እለዋለሁ፦ አባትህ ፊደል ነፈገኝ፣ አንተ ፊትህን ነፈግኸኝ። አንተ የምትጸድቀው እኔ አልቅሼ ነው? ቃል ገብቻለሁ ትላለህ። እኔ ስሸከምህ ለማንም ቃል አልገባሁም፤ ግን ተሸከምሁህ።

ጮክ ብዬ አነበብሁት። ይቆርጣል። አንድም ቃል አልቀንስም።

ኤክስካቫተሩ ከምሰሶው አጠገብ ደርሷል። ወጥቼ ሾፌሩን «ነገን ብቻ ተወኝ» አልሁት። «ምኑን፣ እማማ?» ይላል። ሞተሩ ይጮኻል። «ገመዱን! ነገን ብቻ!» ራሱን ነቀነቀልኝ። ምን ሰምቶ ነው የነቀነቀ?

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ቆረጡት። በሰንበት!

ከቅዳሴ ስመለስ ሳጥኑ ቀይ ነው። አጠፋሁ፣ አበራሁ። አጠፋሁ። ወጥቼ አየሁ፤ ገመዱ ከጉድጓዱ እንደ አንጀት ወጥቶ ተንጠልጥሏል። «ነገ የሚቀጥል ይመጣል» አሉኝ። ነገ! የሞባይሉ ዳታ ከሞተ ሰንብቷል። ባንቺአየሁ መሥሪያ ቤት ብሄድስ… የልጄን ነገር በሰው ቢሮ አላወራም።

ተቀምጬ ሳጥኑን አየሁ። እሱ ደግሞ ያን እግሩን እየጎተተ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ይጠብቃል። አልመጣችም ይላል። እኔ ስጠብቀው እንደኖርሁት… ይቅመሳት! አልሁ በሆዴ። ወዲያው ደነገጥሁ።

ገድሉ ሳያንኳኳ ገባ።

«ብሩክ ልኮኝ ነው። ሲደውል አይነሡለትም። እንሂድ!»

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል? ኢንተርኔቱ ያለው እዚያ ነው።»

ነጠላዬን እንኳ በቅጡ አልያዝሁም።

ሐይቁ አኩርፏል። በጎርጎራ በኩል ደመናው ጠቁሮ ቆሟል። ያዘጋጀሁትን በልቤ እየደጋገምሁ ነው። ከመካከሉ ስንደርስ ገድሉ ሞተሩን ቀነስ አደረገ። የሚለው ነገር አለው።

«ልንገርዎት ወይስ ይቅር?»

«ጀምረህ የለም? ተናገር።»

«ለአበምኔቱ ሲነግሯቸው ሰምቻለሁ። 'ከወጣሁ እናቴ ትመጣለች። ካየኋት አልመለስም' አሉ። 'እግሬ አይደለም የሚያስፈራኝ፣ እሷ ናት' አሉ።»

ረስቶኛል ብዬ ነው የኖርሁት። ያን ሁሉ ዓመት፣ ረስቶኛል ብዬ…

ውኃው ፊቴን መታኝ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ቃል አልቀረም።

ወደቡ ታየ። ድንጋዩ ላይ የደንገል ምንጣፍ አቁመው ጋርደውታል፤ ከምንጣፉ ጀርባ እሱ ነው። ዲሹ ከጎኑ ሰማይ ሰማይ ያያል። አባ ፍሬ ስብሐት ዳር ቆመው በመቋሚያቸው አስቆሙን። «እዚያው፣ ወለተ ሥላሴ። ውኃው ላይ።»

የሴቶቹን ቦታ እሱ ይዞታል፤ እኔ ውኃ ላይ ቀረሁ። ማንም ሳያዘኝ ጀርባዬን ሰጠሁ፣ ፊቴን ወደ ሐይቁ። ገድሉ ጀልባው እንዳይዞር በመቅዘፊያው ይዞ ቆመ። የብሩክን ሌላ ስልክ እጄ ላይ አደረገልኝ። «ከዲሹ ጋር ተያይዟል። ሲጠራ ያንሡት።»

ጠራ።

ከጀርባዬ፣ በነፋሱ፣ «እናታችን» ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ በስልኩ ውስጥ ደግሞ «እናታችን» አለ። አንዱ ከትከሻዬ፣ አንዱ ሰማይ ደርሶ ተመልሶ። ሁለት ጊዜ ጠራኝ።

«ጌትነት» አልሁ።

«አቤት።» … «አቤት።»

«ያምሃል?»

«አይሰማኝም።»

«እሱ ነው ክፉው።»

ጠብታ ስልኩ ላይ ወደቀ። ሌላም። ብሩክ ከድንጋዩ «ዝናቡ ሳይበረታ ይናገሩ፣ እትዬ! ከበረታ ይቋረጣል!» ብሎ ጮኸ።

«ስማኝ» አልሁ። «ትወጣለህ። ሆስፒታል ትገባለህ። እኔ አልመጣም። በር ላይ አልቆምም። በመስኮት አላይህም። ድነህ ወደዚህ ትመለሳለህ። የፈራኸው እኔን ከሆነ፣ ያንተን ቃል እኔ እጠብቅልሃለሁ። ይኸው እኔም ቃል ገባሁ።»

ዝናቡ ወረደ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንሁት። ባዶ ነው። «ተቋረጠ!» አለ ብሩክ። ሰምቶኝ ነው? ሳይሰማኝ ነው? እስከ የትኛው ቃል ደረሰ? አልመጣም ያልሁትን ብቻ ሰምቶ የቀረውን ካልሰማስ? ልዞር ነው። ልጮህ ነው። ገድሉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጀልባው ተወዛወዘ፣ አንገቴ እንደ እንጨት ደረቀ… አልዞርሁም።

ከዚያ ከጀርባዬ፣ በዝናቡ መካከል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ስልክ፦

«ሰማሁ፣ እማዬ!»

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ወጣ። ገድሉ አመጣው። ቆቡን እስከ ዓይኑ ደፍቶ፣ ብሩክ ክንዱን ይዞት ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ሁለቱ ጣቶች ሄዱ። እግሩ ተረፈ። ባንቺአየሁ ደውላ ስትነግረኝ አለቀሰች። የሷ ማልቀስ ምን ይባላል?

ባጃጅ ሁልጊዜ በሬ ላይ ይቆማል። ወጥቼ ገባሁበት።

«የት ልውሰድዎት፣ እማማ?»

ሆስፒታሉ ከዚህ ምን ያህል ነው? ቅርብ ነው። ሱቅ እንደመሄድ ነው።

«ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው» አልሁት። ወረድሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

የጾም ሽሮ ሠርቼ በብሩክ ላክሁ። ከማን እንደሆነ እንዳይናገር አስማልሁት። ዕቃው ባዶውን መጣ።

«ምን አለ?»

«ጨው በዝቶበታል አሉ።»

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚለኝ ነው። ያ ውሸታም ብሩክ ነግሮት ነው፣ ወይስ… አልጠየቅሁም።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ተመለሰ። በዚህ ከተማ ሰንብቶ ሄደ፤ አላየሁትም። መርጌታ ቢሰማ ያምን ነበር? ሴት ምን ቃል ትጠብቃለች ባይ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ገመዱን ቀጠሉት። ተከራዮቹ ግን አልበቃቸውም፤ «የቤቱንም በሳተላይት እናስቀይር» እያሉ ይነዘንዙኛል። ፈቃድ አምጡና እናያለን አልኋቸው። አንዱን ቆፋሪ ይበጥሰዋል፣ አንዱን ዝናብ። አሁን ሁለቱንም ዐውቃቸዋለሁ።

ብሩክ ዲሹን እንደገና ወደ ድንጋዩ ወሰደው፣ ቁስሉ እንዲታይ። መጋቢው ዛሬ አላዞሩትም፤ ይልቅ ላዩ ላይ የሚያርፉ ወፎች ሲያባርሩ ነው የዋሉ። ባንቺአየሁ እዚህ፣ እኔ ከጎኗ። እግሩ መጣ። ሦስት ጣት። ቁስሉ ደርቋል።

«ጫን በለው» አለች።

«አመመኝ ብለዋል!»

ባንቺአየሁ አጨበጨበች። ልጅ አመመኝ ሲል ደስ የሚላት እናት አለች? አለች።

ከዚያ ብሩክ የጆሮውን ነቀለና የአባ ፍሬ ስብሐት ድምፅ መጣ። ለኔ ነው። «ወለተ ሥላሴ፣ አለሽ? እሱ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አያይሽም። ስልኩን አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ፊቱን ያሳይሽ ወይ?»

ባንቺአየሁ ክንዴን ያዘችኝ። ብሩክ ስልኩን ማንሣት ጀምሮ ነበር… የቀሚሱ ጫፍ ታየኝ። ጉልበቱ ታየኝ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው።

«ይቅር» አልሁ። «ቃል ገብቻለሁ።»

ስልኩ ወደ እግሩ ወረደ። ጥፍሩ አድጎ አድጎ ታጥፏል።

«ይኼን ጥፍር የሚቆርጥለት አንድ ሰው የለም እዚያ?» አልሁ።

ከስልኩ ማዶ ሳቀ። አባቱ እንዲህ አይስቅም ነበር።